እትዬ ትርፌና ነጫጮቹ አይጦች

ባለፈው ሰሞን ጅማ መርካቶ በርበሬ ልገዛ ወርጄ ስመለስ፣ ከጋራዦቹ ፊት ለፊት ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ሽታ መታኝ። ጣፋጭ ሽታ ነው፤ የተበላሸ ጠጅ ላይ የጫማ ቀለም የጨመሩበት ይመስላል። አንድ ወጣት መካኒክ ቁጢጥ ብሎ በሳፋ የሞተር ዕቃ ያጥባል። ክንዱ እስከ ክርኑ ፈሳሹ ውስጥ ገብቷል፤ ፊቱንም ደፍቶበታል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር አያምህም?» አልኩት።

ቀና ብሎ ሳቀ። «ማዘር፣ ኖርማል ነው፤ ለምደነዋል» አለኝ።

ባጃጁ ሲመጣ ገብቼ ተቀመጥኩ እንጂ ሹፌሩ የት እንደምወርድ ደጋግሞ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም። ልቤ ሌላ ዘመን ሄዶ ነበር።

ያኔ ጅማ ባጃጅ አልነበራትም፤ የነበራት ጋሪ ነው። ፈረሶቹ አንገታቸው ላይ ቃጭል፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር አበባ ያደርጉላቸዋል። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ በስሙኒ ያደርሱን ነበር፤ ስሙኒ የሌላት ደግሞ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጭቃው ትሄዳለች። መርካቶ ማዕዘኑ ላይ ካለው ካሴት ቤት የፍቅር ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይንቆረቆራል። እኛ ኮረዶች ዘፈኑ እስኪያልቅ ብለን አጠገቡ ካለው ጨርቅ ሻጭ ዘንድ የማንገዛውን ሻሽ እያገላበጥን እንከራከራለን፤ ሻጩም ነገሩ ገብቶታል፤ «ዘፈኑ ሲያልቅ ሻሹን አጥፋችሁ አስቀምጡልኝ» ይለናል። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ታቹ የሰፋ ሱሪያቸውን አስፋልት እያስጠረጉ ያልፋሉ። የቡና ወቅት ሲደርስ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከሰቃ የመጡ የጭነት መኪኖች መንገዱን ሞልተው ይሰለፋሉ፤ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ጆንያ ጆንያ ይሸታል። ስለ መንግሥቱና ስለ ስብሰባው ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ ከዚያ ዘመን አብልጬ የማስታውሰው የለበስኩትን ነጭ ጋውን ነው፤ ሳስታውሰውም አፍራለሁ።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴ ያልተነቀለ ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ትርፌ ናት፤ እትዬ ትርፌ ነው የምላት። በቾ ቦሬ አንዲት ክፍል ቤት ነበረችን። እትዬ ቡና ለቃሚ ነበረች። ለቃሚ ማለት ቡና መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስትለይ የምትውል ማለት ነው። ማታ ስትመጣ ሻሿ ላይ ገለባ፣ ጥፍሯ ውስጥ ጥቁር ዱቄት ይዛ ነው። የሷ እግር የኮንጎ ጫማ ሲላጠው፣ የኔ እግር ሸራ ጫማ አድርጎ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማረ።

ትምህርቴን ስጨርስ ከአዌቱ ወንዝ ባሻገር ካለ አንድ ቤተ ሙከራ ሥራ አገኘሁ። ሥራዬ የእንስሳት ተንከባካቢ ይባላል። ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር አንድ ረጅም ቤት አለ፤ በአንድ ወገን ጥንቸሎች፣ በአንድ ወገን ነጫጭ አይጦች። ነጭ አይጥ አይቶ የማያውቅ ሰው አይጥ ሲባል የጎተራውን ሌባ ያስባል። እነዚህ ግን ዓይናቸው የሮማን ፍሬ የመሰለ፣ መዳፋቸው እንደ ሕፃን ጣት የቀላ፣ ፊታቸውን ሲጠርጉ የሚውሉ ንጹሕ ፍጥረቶች ናቸው። ጧት ጧት ሰጋቱራቸውን እቀይራለሁ፣ የበቆሎ ምግባቸውን እሰጣለሁ፣ ውኃቸውን እሞላለሁ። ጠረኔን ለመዱት። በሩን ስከፍት ከሽቦው ጋር ተደርድረው ይጠብቁኛል፤ እጄን ሳስገባ እየተሽቀዳደሙ መዳፌ ላይ ይወጣሉ። ሌላ ሰው ሲነካቸው ይነክሱ ነበር፤ እኔን አንድም ቀን ነክሰውኝ አያውቁም።

ጋውኑን ለብሶ ከግቢ መውጣት ክልክል ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ ለብሼው እወጣለሁ። ከድልድዩ እስከ በቾ ቦሬ እየተራመድኩ፣ ንፋሱ ወደኋላ ሲነፋው ደስ ይለኛል። የሰፈሩ ሰው «ዶክተሯ መጣች» ይላል፤ አይጥ ነው የማበላው ብዬ አላርማቸውም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ደግሞ ወገኖቼ የአጋሮ ቡና ነጋዴዎች እንደሆኑ አውርቻለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ያወራሁት። ከቡና ጋር ያለን ዝምድና በጆንያ በኩል ሳይሆን በወለል በኩል መሆኑን እዚያ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያ ሰሞን አጋሮ አንድ የመጋዘን ዘበኛ ሥራው ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ተገኘ። ነፍሱ ተረፈች፤ ግን ያው ሰው ሆኖ አልተነሣም ይባላል። መጋዘኑ በቅርቡ የነቀዝ መድኃኒት ተረጭቶ ነበር። መድኃኒት አሉት እንጂ ፈሳሹ ፋብሪካ ውስጥ ከብረት ላይ ቅባት ለማጠብ የተሠራ ነው። አንድ ነጋዴ ነቀዝ እንደሚገድል ደርሶበት በበርሜል እያመጣ ለባለመጋዘኖቹ ይሸጣል። ርካሽ ስለሆነ ጅማም፣ አጋሮም፣ ሰቃም ገዙት። ነጋዴው «ሰው አይጎዳም፣ ሽታው ነው እንጂ» አለ። እንግዲህ ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ከፈሳሹ በጀሪካን ወደኛ ላከና ሰው ቢተነፍሰው ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ።

አለቃችን ዶክተር ኃይሉ ይባላሉ፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሰብስበው አስረዱን። ይህን ጥያቄ በሰው ላይ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ አይጦቹ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ፈሳሹ ከአየር ጋር ተደባልቆ በቱቦ ይላክላቸዋል። ለአንዱ ቡድን ብዙ፣ ለአንዱ መካከለኛ፣ ለአንዱ ጥቂት ይሰጣል። ለአንዱ ቡድን ደግሞ ንጹሕ አየር ብቻ። በአንድ ጊዜ የተነፈሱት ምን ያህል ቢሆን እንደሚገድል የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «አንቺን ስለሚያምኑሽ የምታስገቢያቸው አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፤ አይጨነቁም» አሉኝ።

አዎ፣ ያመኑኝ ነበር። እጄን ስዘረጋ እንደ ወትሮው እየተሽቀዳደሙ ወጡበት፤ አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ አሳለፍኳቸው። አየሩን የሚገፋው ሞተር ማንኮራፋት ጀመረ። መጀመሪያ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አንሥተው አሸተቱ፤ ቀጥለው ፊታቸውን ደጋግመው ይጠርጉ ጀመር። ከዚያ ተኮራመቱ። አንገታቸውን አስረዝመው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጎናቸው እየገባ እየወጣ አየር ይስቡ ጀመር። እኔ መስታወቱ አጠገብ ቆሜ ያየሁትን እጽፋለሁ። አንዷ እየተንገዳገደች እጄ ወዳለበት መጣችና መስታወቱን በመዳፏ ነካችው። ሁልጊዜ ከሽቦው የማወጣት እኔ ነኛ! ያን ቀን ግን አላወጣኋትም። ዶክተሩ ወደ ውጭ ወጥተው ሲጋራ ለኮሱ። ሲመለሱ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ለሰው ብለን ነው፣ የሺ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ለሰው ነበር። ዛሬም ቢሆን አይደለም አልልም። ግን ለሰው ነው ሲባል እኔ የማስበው ያን የማላውቀውን የአጋሮ ዘበኛ ነበር። ቤቴ ያለችው ሰው ትዝ አላለችኝም።

እትዬ ያን ጊዜ ከተኛች ብዙ ወራቷ ነበር፤ ከተኛች ስል አልጋ ላይ ውላ አይደለም፣ ሥራዋን አልተወችም። ግን ሰኞ ሰኞ ከመጋዘን ስትመጣ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ነው። «ምች ነው የመታኝ» ትላለች። ዳማከሴ በእጇ አሽታ ትጨምቅና በአፍንጫዋ ትስባለች። ስታስል ጎኗ ይገባል ይወጣል። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ጀርባዬን እሰጣታለሁ፤ ጋውኔ ዳማከሴ ዳማከሴ እንዳይሸት ብዬ ውጭ እሰቅለው ነበር።

የመካከለኛው ቡድን ተራ የደረሰ ዕለት ምሳዬን ረስቼ ወጣሁ። እትዬ መጋዘኑ ለምሳ ሲለቃት ቤት ገብታ የምሳ ዕቃዬን ይዛልኝ መጣች። የግቢያችን ዘበኛ አሳልፏት፣ እኔ ሳላያት ከኋላዬ ቆማለች። ያ ገለባ የያዘ ሻሿ፣ ያ የተበጠሰው ኮንጎ ጫማዋ፣ የዱቄት እጇ! ሳጥኑ ውስጥ ያለችውን አንዲት አይጥ አፍጥጣ እያየች፣

«አንቺ፣ ይቺ ትንፋሿ ቁርጥ የኔን» አለች፤ ሳቅ ብላ።

ዶክተሩ ዞር አሉ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። «ጎረቤታችን ናት» አልኩ።

እትዬ አየችኝ። መቆጣት አልነበረም፤ ልጅ ሳለሁ ሳጥፋ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ፣ የሚሆነውን ልታስተካክል። የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና፣ «አዎ፣ ጎረቤት ነኝ። በዚህ ሳልፍ አድርሽላት ብለውኝ ነው» አለች። የላካት ሰው እንዳለ እንኳ ፈጥራ ሸፈነችልኝ።

ዶክተሩ ግን አለቀቋትም፤ ወንበር ሳቡላት። «ቅድም ያሉት ምንድን ነው? እንደዚህ ነው የሚተነፍሱት?»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ጌታዬ! ቅዳሜ መጋዘኑን ይረጩታል፤ ሰኞ እኛ እንገባለን። ሽታው ራስ ያዞራል። ሀሊማ የምትባል ጓደኛችን ባለፈው ወድቃ ተሸክመን ነው ያወጣናት። ምች ነው እንላለን።»

«ሽታው ምን ይመስላል?»

ክፍሉን አሸተተች። «ይኼንኑ ነዋ» አለች።

ዶክተሩ ሞተሩን ለማጥፋት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ተዉት፤ የተጀመረ ነገር ነበር። እትዬ ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኟት። እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ማታ ቤት ስገባ እስክትናገረኝ ጠበቅኋት። «ምሳሽን በላሽው? እንዳይቀዘቅዝ ሮጬ ነበር የመጣሁት» አለችኝ፤ ሌላ ምንም የለም። እንደዚያ ባለው ትንፋሿ ሮጣ!

ውጤቱ ክፉ ሆነ። ብዙ የተሰጣቸው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ፣ መካከለኛ የተሰጣቸው ውለው አድረው ሞቱ። ጥቂት ከተሰጣቸውም ያልተረፉ ነበሩ። ዶክተር ኃይሉ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሆነው እኔን ረዳታቸውን አስከትለው፣ እትዬ ወደምትሠራበት መጋዘን ሄዱ። ግቢው ውስጥ ለቃሚዎቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። ባለመጋዘኑ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሁሉን አዳመጠና፣

«እና አይጥ ሞተ ብላችሁ ነው የመጣችሁት? እኛስ የገዛነው አይጥና ነቀዝ እንዲገድልልን አይደል?» አለ።

ግቢው በሳቅ አለቀ። ለቃሚዎቹም ሳቁ፤ ጌታቸው ሲቀልድ ያልሳቀች ነገ በር ላይ እንደምትቀር ያውቃሉ። ዶክተሩ ያን የማይሰማ ድምፃቸውን ይዘው ቀሩ። ያን ጊዜ እትዬ ተነሣች።

«እኛስ ምንድን ነን?» አለች። «አይጡም እዚያው ነው፣ ነቀዙም እዚያው ነው፣ እኛም እዚያው ነን። መድኃኒቱ ለይቶ ያውቀናል?» ይህን ስትል ትንፋሽ አጥሯት በመሃል ቆመች። ሰው ሁሉ ትንፋሿን እስክትመልስ ጠበቀ፤ ሳቁም ጠፋ። ሀሊማ ከኋላ፣ «ዱጋ ኢሼቲ! እውነቷን ነው! እኔ ስወድቅ ውኃ ደፍታችሁብኝ ወደ ሥራ መለሳችሁኝ አይደለም?» ብላ ጮኸች። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተነሡ።

ባለመጋዘኑ ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬን በጣቱ እያመለከተ፣ «ይቺን ያስተማሯት እነሱ ናቸው! ቤተ ሙከራው ውስጥ ዘመድ አላት ሲሉ ሰምቻለሁ። ምርመራቸው የዘመድ ሥራ ነው!» አለ።

ዶክተሩ ቀዝቀዝ ብለው፣ «ዘመድ የላትም። የሠራተኛችን ጎረቤት ናት። አይደል፣ የሺ?» አሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ሰፈሬን የሚያውቁ ለቃሚዎች አዩኝ፤ እህትማማች መሆናችንን ከነሱ የማታውቅ የለችም። እትዬም አየችኝ፤ ራሷን በትንሹ ነቅነቅ አድርጋ፣ እንዳትናገሪ አለችኝ። ብናገር ሰውዬው የፈለገውን አገኘ ማለት ነው፤ የአይጦቹም ሞት፣ የሴቶቹም ጩኸት በአንድ ቃል ገደል ይገባል።

«አዎ፣ ጎረቤት ናት» አልኩ።

አንዲትም ለቃሚ አላጋለጠችኝም። ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ከዚያ በኋላ ሀሊማ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ብልህ ነሽ፣ ወላሂ፣ አስበሽ ነው» ትለኛለች። ያን ሁለተኛውን ጊዜ አስቤ ነው፤ ልክ ነች። ግን ለሁለተኛው ውሸት መንገዱን የጠረገው የመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ከጋውን በቀር ምክንያት አልነበረውም። ለአንዱ የተመሰገንኩ ሰው ሌላውን እንዴት አድርጌ ልናገር?

በርሜሎቹ ከየመጋዘኑ ወጡ። መጋዘኖቹ እስኪናፈሱ ተዘጉና ለቃሚዎቹ ያለ ሥራ ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹ በሰፈራችን ሲያልፉ «የናንተ አይጥ እንጀራችንን በላችው» ይሉን ነበር። ሲከፈቱ ሁሉም ተመለሱ። እትዬ ግን አልተመለሰችም፤ ሳንባዋ ተጎድቷል አሉን። የበቾ ቦሬን ዳገት ከዚያ ወዲህ ሳታርፍ ወጥታው አታውቅም። ደመወዜ ለሁለታችን በቃን። ዶክተር ኃይሉ ተቀይረው ሲሄዱ አበባ ይዘን ሸኘናቸው። መኪናው ውስጥ ሆነው እጄን እየጨበጡ፣ «ያችን ጎበዝ ሴት ሰላም በይልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እዚያው ቆሜ ልናገር እችል ነበር፤ ሹፌሩ እንኳ ሞተሩን አላስነሣም ነበር።

ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚያው ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አንድ ጊዜ፣ ልጄ ገና ትንሽ ሳለች፣ እትዬ ደጃፍ ላይ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ አልኩና «እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩት ነገር…» ብዬ ጀመርኩ። የቱን ቀን አላለችኝም። እንዝርቷን አቆመችና ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«እነዚያ ንጹሕ አየር የሰጣችኋቸው አይጦች የት ደረሱ?»

«ተገደሉ» አልኳት።

«ምን አድርገው?»

«ሳንባቸው ከሌሎቹ ጋር እንዲነጻጸር ነው። ካልተከፈተ አይታይም።»

«አንቺ ነሽ ያወጣሻቸው? ከቤታቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ላይ እየወጡ?»

የፈተለችውን ልቃቂት አንሥቼ አገላበጥኩ። እሷም፣ «ለኛ ብላችሁ ነው፤ እኔ ተርፌበታለሁ። ግን ደግ ነገር አይደለም፣ የሺዬ» ብላ እንዝርቷን አሾረች። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩበትን ነገር ሳልጠይቅ፣ ያልጠበቅሁት ሌላ ዕዳ ተሸክሜ ተነሣሁ።

አምና ልጄን ዳርኩ። አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ እየበጠሰ፣ እኔ ከሙሽሮቹ አጠገብ በቤተሰቡ ጠረጴዛ ተሰይሜያለሁ። ለእትዬ ከጎኔ ወንበር አስይዤላት ነበር፤ ባዶውን ውሎ ስፈልጋት በሩ አጠገብ ከበቾ ቦሬ ጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጣ አየኋት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሀሊማ ልጅ ጋር እያወራች ትስቃለች። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ! ቤተሰብ ብቻ ወደ መድረክ!» ብሎ በማጉያው ተጣራ። የሙሽራው ዘመዶች ወጡ፤ የኛም አክስት አጎት ወጣ። እሷ አልተነሣችም። በሰው መሃል እየተጋፋሁ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ተነሺ እንጂ፣ ቤተሰብ እየተጠራ ነው።»

ፈገግ አለችልኝ። «እዚህ ይሻለኛል፤ ንፋስ አለው» አለችኝ።

ስለ ሳንባዋ ይሁን፣ ስለ ሌላም ነገር ይሁን፣ ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። መጠየቅም አቃተኝ። ልጄ ከመድረኩ እጇን እያወዛወዘች «እማዬ! እማዬ!» ትላለች። ከጎረቤቶቹ አንዷ ጠጋ አለችልኝ፤ ወንበር ስቤ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እጇንም ያዝኩ። የቤተሰቡ ፎቶ ያለ እኛ ተነሣ።